የኩሬው ቅምቅማት

ልብስ ሰፊዋ ማለዳ ማለዳ ከባሏ ተደብቃ የምታደርገው አንድ ነገር ነበራት። ጓሮ ወርዳ ኩሬውን ውሃ ትሞላለች። ሌላ ሴት ከባሏ ደብቃ ለእናቷ ቤት ስኳር ትልካለች፣ ለእህቷ ልጅ ጫማ ትገዛለች፤ የእሷ ምስጢር ግን አንድ የውሃ ጎማና አንድ ቧንቧ ነበር። ጎማውን ከቧንቧው ትገጥማለች፣ ጫፉን ኩሬው ውስጥ ትከታለች፣ ውሃው ባሏ ከኩሬው ዳር የመታትን ችንካር እስኪነካ ትጠብቃለች። ከዚያ ጎማውን ጠቅልላ ቦታው ትመልስና ምንም እንዳልሠራ ሰው ስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች።

ባሏ በያጅ ነበር። "ነበር" የተባለው ሞቶ አይደለም፤ ልቡ ከዳው እንጂ። የሰፈሩን በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ ሰው አንድ ቀን የብረት መዝጊያ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ፣ እንዳይቆፍር፣ ከብየዳ ጭስም እንዲርቅ አጥብቆ አስጠነቀቀው። ሱቁን ለወንድሙ ልጅ አስረከበና ቤቱ ገብቶ፣ አልጋው ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ያ መተኛት እንቅልፍ አልነበረም። ምሳ ሲቀርብለት አልራበኝም ይላል፤ ጠያቂ ሲመጣ ተኝቷል በያቸው ይላል። ሰፊዋ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች በተከፈተው በር በኩል ጀርባውን ታያለች።

ኩሬውን በደህናው ጊዜ የቆፈረው እሱ ነው። ስፋቱ ከአንድ መኝታ ክፍል አይበልጥም። ጓሮው ወደ ጎረቤት ስለሚያዘቀዝቅ በታችኛው በኩል አፈር ቆልሎ ግድብ አበጅቶለታል፤ ውስጡን በሸክላ አፈር ለስኖ አሳ ለቆበታል። እሱ ሲታመም ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ውሃው ወርዶ አሳዎቹ ጭቃ ላይ ሊቀሩ ሲሉ ሰፊዋን አሳዘኗትና ስፌት ከመጀመሯ በፊት ውሃ ትሞላላቸው ጀመር። ይህን በጀመረች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰውየው አንድ ጠዋት ከአልጋው ወረደ። ፊቱን ታጠበ፣ በርጩማውን ይዞ ጓሮ ወጣ፣ ኩሬው ዳር ተቀመጠና የዳቦ ፍርፋሪ ጣለላቸው። በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። ጺሙን ሳይቀር ተላጨ። ውሃውን ማን እንደሞላው አልጠየቀም፤ እሷም አልተናገረችም። በልቧ ግን ደመደመች። ይህን ሰው ከአልጋ ያወረዱት አሳዎቹ ናቸው፤ ኩሬው ከጎደለ እሱም ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

እንግዲህ ይህን ባመነች ሰሞን ነው ፍልፈሉ የመጣው።

ግድቡ ላይ፣ ስኳር ድንች በተከለችበት መሐል፣ በወንፊት የተነፋ የሚመስል ትኩስ የአፈር ቁልል አየች። ከጎኑም ሌላ ነበር። የኩሬው ውሃም ትናንት የት እንደነበረና ዛሬ የት እንዳለ ሲታይ የሚያፈስ ነገር እንዳለ ግልጽ ነው። ፍልፈል መሆኑን ለማወቅ አማካሪ አላስፈለጋትም። ችግሩ ሌላ ነበር። ባሏ ቁልሉን ካየ አካፋ ያነሳል፤ አካፋ ካነሳ ደግሞ ያ ልቡ አለ። አካፋውን ብትቀማው ቅስሙ ይሰበራል። ስለዚህ ቁልሉን በእግሯ ረግጣ ደለደለችውና ውሃውን ሞልታ ዝም አለች። ብልሃት መስሏት ነበር።

በዚህ ቤት እንደሆነ ጭቅጭቅ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም የሚያስጨንቃቸውን ነገር ዋጥ ማድረግ ነው ልማዳቸው። አንድ ጊዜ በያጁ እጁን አቃጥሎ ሚስቱ እንዳታይበት ጓንቱን ሳያወልቅ እራት በልቷል። እሷም መርፌ ጣቷን የወጋት ዕለት ደሙን ቀይ ቀለም ነው ብላዋለች። እሱ ቀለም ነው ብሎ አመነ፤ እሷም ጓንቱን አላየችም። እንዲህ ተሳስበው ነው የኖሩት።

ከዚያ ወዲያ ስለ ፍልፈል የሰማችውን ሁሉ ሞከረች። ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቃ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተች። በርበሬ ነሰነሰች። ንፋስ ሲነፋበት ያፏጫል፣ ፍልፈሉም ድምፁን አይወድም ብለዋት ባዶ ጠርሙስ በእንጨት ላይ ሰክታ አቆመች። ጠርሙሱ በደንብ አፏጨ፤ ፍልፈሉ ግን ሙዚቃ የሚወድ ኖሮ የሚቀጥለውን ቁልል ጠርሙሱ ሥር አደረገው። ጉድጓዱን በከፈተችው ቁጥር ከውስጥ በአፈር ይደፍንባታል። መርዝ ያሏትም ነበሩ፤ መርዙ ለአሳዎቹም አይመለስም ብላ ጆሮዋን አልሰጠቻቸውም። ባሏ ጠርሙሱን አይቶ ምንድነው ሲላት ለወፍ ነው አለችው። እሱም ይህን ውሃ የማያነሳ መልስ አንገቱን ነቅንቆ ተቀበለ።

በታችኛው በኩል የሚጎራበቷቸው ሴት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ሰፈሩ እትዬ ዳይሬክተር ይላቸዋል። ጡረታ የወጡት ከሥራው እንጂ ከጠባዩ አይደለም፤ በደጃፍ ሲገቡ ሰው ሁሉ ጥፍሩ መቆረጡን ያያል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ሰፊዋ ቀሚስ የሚያስጠብቡ መስሏት ሜትሯን አነሳች። እሳቸው ግን በቀጥታ ወደ ጓሮ አልፈው ባልና ሚስቱን ኩሬው ዳር አቆሟቸው። የወጥ ቤታቸው ግድግዳ እስከ መስኮቱ መራሱን፣ የወለሉ አንድ ጥግ መስመጡን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማቸው መሻገቱን ሰልፍ ፊት እንደሚናገር ሰው ዘረዘሩ። ሰፊዋ ደነገጠች። ያን ያህል ውሃ ከየት እንደመጣ አልገባትም፤ እሷ ጠዋት የምትጨምረው ይህን ሁሉ ጥፋት የሚያደርስ አይደለም።

በያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ" አለ። "እየጎደለ አስቸገረኝና ማታ ማታ እሞላዋለሁ። ግን ይህን ያህል ይፈሳል ብዬ አላሰብኩም።"

"ማታ ማታ?" አለች ሰፊዋ።

"አንቺ የተሰፋውን ልታደርሺ ስትወጪ።"

ሰፊዋ ባሏን ዞራ አየችው። መቼም መውጫ የለም፣ የጠዋቱን የራሷን ጉድ ተናገረች። ባሏ አንገቱን ደፋ እንጂ አልተገረመም። አለመገረሙን አይታለች፤ ግን በዚያ ሰዓት ልብ አላለችውም። ልብ ያለችው ሌላ ነገር ነው። እሷ ጠዋት የምታየው የሌሊቱን ጉድለት ብቻ ነበር፤ የቀኑን እሱ ማታ ይሸፍነዋል። ሁለት ሰው ተጋግዞ አንድ ቀዳዳ ሲደብቅ ከርሟል፤ ቀዳዳው ደግሞ በዚያ መሐል ሲሰፋ።

ዳይሬክተሯ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩ።

"አንቺ ጠዋት ትሞያለሽ፣ አንተ ማታ ትሞላለህ" አሉ። "በመሐል እኔ ዋና ልማር ነው?"

ማንም አልሳቀም። ክፉ ጎረቤት አይደሉም፤ ግን ቤታቸው ቤታቸው ነው። ዝናቡ ሳይገባ ወይ ይጠገን ወይ ይደፈን ብለው ሄዱ።

እሳቸው እንደወጡ በያጁ የግድቡን አፈር በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና አካፋው የት እንዳለ ጠየቃት። ይህችን ጥያቄ ስትፈራ ነው የከረመችው። ምላሷ ቀደማት።

"ይደፈን" አለች። "አፈር አስመጥተን ይደፈን። እኔ ለአሳ ብዬ ባሌን አልቀብርም።"

"እንዳልሽ" አለ።

በቃ ይኸው ነው። ቢጨቃጨቃት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ውሃ ልትሞላ አልወጣችም፤ ለሚደፈን ኩሬ ምን ውሃ ይሞላል። ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ረፋድ ሆነ፤ በያጁ አልተነሳም። ሻይ ወሰደችለት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። አሞሃል ወይ ብትለው ደህና ነኝ አለ፣ ለግድግዳው። ያን ጀርባ እንደገና አየችው። ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ስትጠብቅ የተሰማት ፍርሃት ተመልሶ መጣባት፤ ያኔ እንኳ ሰውየው መዳን ይፈልግ ነበር። ወደ መኪናዋ ተመልሳ የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ገልብጣ ሰፋች። ፈታችው። እንደገና ገልብጣ ሰፋችው። ከዚያ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ አካፋውን ፍለጋ ወጣች።

መቆፈር አትችልም። ዕድሜዋን ሙሉ የያዘችው መርፌ ነው። ግን ሆን ብላ ግድቡን ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ባለው በኩል መቆፈር ጀመረች። ድንጋይ መታች፤ ብረቱ ጮኸ። አፈሩን ሽቅብ ወረወረችው፤ ግማሹ ጸጉሯ ላይ ተመለሰ። ቦታው ልክ ይሁን ስህተት የምታውቀው ነገር የለም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ ሰው በአጠገቡ ሥራ ሲበላሽ እየሰማ ዝም ብሎ መተኛት በሕይወቱ ችሎ አያውቅም።

ብዙም አልቆየም። የጓሮው በር ተከፈተ። በፒጃማው ቆሞ ጥቂት አያት።

"እዚያ ጋ ከቆፈርሽው ኩሬው እቅፍሽ ውስጥ ነው የሚመጣው" አላት።

"ታዲያ የት ጋ ነው?"

"በውጭ ነው እንጂ፣ በስተ ታች። እሱም ውሃው ከወጣ በኋላ። ደግሞ አካፋ እንዲህ ነው የሚያዘው? እስቲ አምጪው።"

"እጅህን ሰብስብ።" አካፋውን ከኋላዋ ሸሸገችው። "በርጩማህን አምጣና ተቀመጥ። አፍህ ይሥራ፣ እጅህ ጉልበትህ ላይ ይቀመጥ። ከተነሳህ እደፍነዋለሁ።"

ሊከራከር ፈለገ፤ ፊቷን አየና ተወው። በርጩማውን አመጣ።

ሥራው በአንድ ቀን አላለቀም። አሳዎቹን በአሮጌ መጋረጃ እየጠለፈች ወደ በርሜልና ወደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ አዛወረች። ውሃው በጎማ ተስቦ ወደ መንገዱ ቦይ ፈሰሰ። ግድቡ መናድ ሲጀምር ዳይሬክተሯ የሟች ባላቸውን ቦት ጫማ አድርገው፣ የራሳቸውን አካፋ ይዘው ብቅ አሉ። ሰፊዋ እርስዎ አይደክሙ ብትላቸው የሚረጥበው ግድግዳ የማን እንደሆነ ጠየቋት። ሁለቱ ሴቶች ቆፈሩ፤ በያጁ ከበርጩማው ላይ አዘዘ። ሰው ሲያዙ የኖሩት ሴትዮ እዚህ ጋ፣ እዚያ ጋ፣ ትንሽ ወደ ግራ ሲባሉ ትንፍሽ ሳይሉ ታዘዙ። አንድ ጊዜ ድንጋይ አልነቀል ሲላቸው በያጁ ሳያስበው ከበርጩማው ተነሳ። ሰፊዋ አንድ አካፋ ሙሉ አፈር አንስታ ኩሬው ውስጥ ደፋች። ተመልሶ ተቀመጠ።

ጥቂት ወረድ እንዳሉ የፍልፈሉ መንገድ ተገኘ። ክንድ የሚያስገባ ዋሻ ግድቡን ከዳር እስከ ዳር በስቶታል፤ ከእሱም ቅርንጫፍ እየወጣ ውሃው አጠገብ ደርሷል። በአንዱ ጥግ ሰፋ ያለ ጓዳ ነበር። ጓዳው ስኳር ድንች ሞልቶታል፤ በልክ በልኩ ተቆርጦ፣ ተደርድሮ። ሰፊዋ አንዱን አንስታ ጠረግ ጠረግ አደረገችው። የራሷ ነው።

"ግድብ ላይ ስኳር ድንች የሚተክል ማነው?" አለ በያጁ።

"ሥር ያለው ነገር አፈር ይይዛል ያልከኝ አንተ ነህ።"

"ሣር ማለቴ ነው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ። ድግስ ደግሰሽ ስታበቂ እንግዳ መጣብኝ ትያለሽ።"

ሳቀ። ደረቱን ይዞ ሳቀ፤ ሰፊዋ ደረቱን መያዙን አይታ አካፋዋን ልትጥል ነበር። ሳቅ ብቻ መሆኑን ስታይ እሷም ሳቀች። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም።

የጓዳው ባለቤት የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከተቆረጠው ዋሻ ጫፍ አፈሩ ገፋ ገፋ አለና አንድ ጭንቅላት ወጣ፤ ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ ነው፣ ዓይኑ አለ ለማለት ያህል ብቻ ነው። ብርሃኑን ተጠይፎ ባለበት ቆመ። ዳይሬክተሯ አካፋቸውን አነሱ። አንስተው ቆዩ። ከዚያ አርፍዶ የመጣ ተማሪ በሚመልሱበት ድምፅ "ተመለስ" አሉት። ተመለሰ፤ በሩንም ከኋላው በአፈር ደፈነ። ሥርዓት ያለው ነው ብለው አካፋቸውን አወረዱ።

የተቆፈረው በሸክላ አፈር ብቻ ቢሞላ ፍልፈሉ ተመልሶ እንደሚበሳው በያጁ ነገራቸው፤ መሐሉ ላይ የሽቦ መረብ መቆም አለበት። ከሱቁ የተረፈ ጠንካራ መረብ አጥር ጥግ ተደግፎ ነበር፤ ግን ቁርጥራጭ ነው። ሰፊዋ ባሏ የብየዳ መሣሪያው ወዳለበት መጋዘን ሲያይ አየችው። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። ይህ ቀጭን ሽቦ ነው፣ በብየዳ ይቀልጣል፣ መሰፋት ነው ያለበት አለና ፒንሳውን አቀበላት። እሷም የቁርጥራጮቹን ጠርዝ አነባብራ ማሰሪያ ሽቦ እንደ ክር እያስገባች፣ እያወጣች፣ እያጠበቀች ገጣጠመቻቸው። እሱ ጠርዙን ያዘላት፤ መያዝ አልተከለከለም። እሷ በጨርቅ እሱ በብረት ሲኖሩ አንድ ሥራ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፣ እሱም ቀጥ ያለ ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ሁለት ጊዜ ዝም ብሎ በጣቱ ዳሰሰው።

ከታች በኩል ጫፉ መታጠፍ ነበረበት፤ አለበለዚያ ፍልፈሉ መረቡን ሲያገኝ ሥር ሥሩን ይሾልካል። በያጁ ይህን ለማስረዳት እጁን አወናጨፈ፣ በእንጨት መሬት ላይ ሣለ፣ አልሆነለትም። በመጨረሻ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ።

"ይኸው፣ ቅምቅማት በይው። ብቻ ወደ ውጭ የታጠፈ፣ ሰፋ ያለ።"

"መጀመሪያውኑ እንዲህ አትለኝም?" አለችና አጠፈችው።

መረቡ ቆመ። ሸክላው በስሱ እየተደለደለ፣ እየረጠበ፣ በሁለቱ ሴቶች እግር ተረገጠ። ግድቡ ላይ ሣር ተተከለ፤ የስኳር ድንቹ ሐረግ ተነቅሎ ወደ ጓሮው ላይኛው ጫፍ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው አጠገብ ትኩስ ቁልል ወጣ። ሰፊዋ ድርሻው ነው ብላ ተወችለት። አሳዎቹ ተመለሱ፣ ውሃው ተሞላ፣ ሦስቱም ሰዎች ችንካሯን ሲጠብቁ ሰነበቱ። በያጁ በየጠዋቱ እየተነሳ አየ። አልጎደለም። የዳይሬክተሯ ግድግዳ መድረቅ ጀመረ፤ መድረቁንም መጥተው በዚያው በሰልፍ ድምፃቸው አስታወቁ። ከእንግዲህ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ሥራው አልቋል።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ባልና ሚስቱ ኩሬው ዳር ተቀመጡ። ሰፊዋ በሽቦ የተቧጨረ እጇን እያሻሸች ከብዶባት የኖረውን ነገር አወጣችው። በማለዳ የምትሞላው ለአሳዎቹ ብሎ እንደሚነሳ ስለገባት እንደነበረ፣ ኩሬው ከጎደለ አይነሳም ብላ ፈርታ እንደነበረ ነገረችው። በያጁ ወደ ውሃው አየ።

"እኔ አሳ ብዙም አልወድም" አላት። "የጎማው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ይህቺ ሴት በብርድ ወጥታ ውሃ ስትሞላ እኔ እንዴት እተኛለሁ እያልኩ ነው የምነሳው። ኩሬውን የወደድሽው መሰለኝ። ማታ የምሞላውም ጠዋት ብርዱ ላይ ብዙ እንዳትቆሚ ብዬ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ተደብቀሽ ነዋ የምታደርጊው።"

ሳቅም ዕንባም እኩል መጣባት፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው። እራት አቅርባ እየበሉ ግን ሐሳቡ ደረሰባት። ኩሬው ከእንግዲህ አይጎድልም። ጠዋት የሚሞላ ውሃ የለም፤ የሚሰማ ድምፅም የለም። በገዛ እጇ፣ በዚያ ቀጥ ባለ ስፌቷ፣ ባሏን የሚቀሰቅሰውን ነገር ሰፍታ ዘግታው እንደሆነስ? ይህን ለእሱ አልተናገረችም። ልማድ ቶሎ አይለቅም።

በማግስቱ ማለዳ ነቃች። በያጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። መንቃቱን ከአተነፋፈሱ ታውቃለች። ጥቂት ጠበቀችው፤ አልተነሳም። ሹራቧን ደርባ ጓሮ ወጣች። ውሃው ችንካሯን ነክቶ ጸጥ ብሏል። ጎማውን ከቧንቧው ገጠመች፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፣ ውሃው ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ሲንፎለፎል ጎማውን ይዛ ቆመች።

የጓሮው በር ሲከፈት አልዞረችም።

"ሞልቷል እኮ፣ ምን ትሠሪያለሽ?" አላት። በርጩማውን ይዟል።

"አውቃለሁ" አለችውና ጎማውን ወደ ስኳር ድንቹ እየጎተተች ሄደች።